ሠላሳ እንቁላል ለስድስት ሰው

በዚያ እሑድ ቤቴ ማዕድ የቀረቡትን አስቀድሜ በየስማቸው ልጥራ።

ባለቤቴ አልማዝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከኩሽናዋ ልታስወጣኝ የምትታገል። ልጄ ሕይወት፣ ቢሮ ውላ ምሳዋን በስልክ የምታዝ። ገዛኸኝ፣ የድሮው ፔንሲዮናችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በዕድሜ ከእኔ በስድስት ዓመት የሚበልጥ፣ ዛሬም በእጁ ያልቆጠረውን የማያምን። ሀሰን፣ ያኔ ገና ሃያ ዓመቱ የነበረ አስተናጋጅ፣ አሁን ቡልጋሪያ ሰፈር የራሱን ቁርስ ቤት የከፈተ። አስካለ፣ ያኔ ዕቃ አጣቢያችን፣ አሁን ላንቻ ላይ ባለ ሱቅ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ እሸቱ ወልደየስ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ለሰው ቁርስ ስሠራ ኖሬ አምና ጡረታ የወጣሁ። አንዲት ሰው ደግሞ አልነበሩም፤ እትዬ ዘነበች። ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከስድስታችን አምስታችን ቁጭ ብለን እንደምንበላ የታወቀ ነው። የአስካለ ግን አይታወቅም ነበር። አስካለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእጄ የወጣ ነገር ቀምሳ አታውቅም። ሠርጌ ላይ መጥታ ለስላሳ ጠጥታ ሄዳለች። ሕይወት ክርስትና ስትነሳ መጥታ አቅፋት ስማታለች፤ ሳህን ግን አላነሳችም። ሰላምታዋ ሙሉ ነው፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ የታመመ ትጠይቃለች። ምግቤን አትነካም። ምክንያቱን ባለቤቴ ታውቃለች። ልጄ አታውቅም ነበር። ልጄን ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ያጠፋ ሰው ሳይጠየቅ ይናገር» እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ይህን እያልኩ የራሴን ሳልነግራት ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት።

ለምን እንቁላል መረጥክ የሚል ይኖራል። ሀሰን ሙስሊም ነው፣ ሌሎቻችን ክርስቲያኖች ነን። ሥጋ ቢሆን ማን አረደው የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አንዱ ሲበላ ሌላው ያያል። እንቁላል ቢላ አይነካውም። ፔንሲዮኑ ውስጥም የኩሽና ሠራተኞች ሁላችን ከአንድ ሳህን የምንበላው እንቁላል ሲሆን ብቻ ነበር። ሰዓቱን ደግሞ አራት ተኩል ያደረግኩት ቅዳሴ የሚሄደው ወጥቶ እንዲደርስ ነው።

«ብረንች ይባላል አባዬ» አለችኝ ሕይወት።

«የዘገየ ቁርስ ነው» አልኳት።

«በቃ ኦርደር እናድርግ። ማለቴ፣ ስድስት ሰው ነው፤ ምን አስለፋህ?»

«ለሁለት መቶ ሰው ስሠራ የኖርኩ ሰው ለስድስት ሰው በሞተር ሳይክል ምግብ ላስመጣ?»

«እሺ በቃ፣ አትቆጣ።»

አልተቆጣሁም። ድምፄ እንደዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ካዛንቺስ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ድንች መላጥና ሽንኩርት መክተፍ ነበር። የሆቴል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የሰው ሜኑ እየለመንኩ ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር፤ የምግቡን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ያላወቅኩትን ቃል አስተናጋጁን እጠይቃለሁ፣ አስተናጋጁ ካላወቀ ደንበኛውን። ደንበኛ መጠየቅ የሚያሳፍር የሚመስላቸው ወጣቶች አጋጥመውኛል። አፍረው የቀሩትን ዛሬ አላያቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፔንሲዮኑ ገባሁ። ያ ሕንፃ አሁን የለም፤ የነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ኩሽናው ጠባብ ነበር፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ጎኑን ይሰጣል። የኩሽናው አዛዥ እትዬ ዘነበች ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ተቆጥተው አላየሁም። ሲከፋቸው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ከዱላ ይከብዳል።

የሳቸው የእንቁላል ሥራ እንዲህ ነበር። ጠዋት የመጣው እንቁላል ሁሉ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይገባል። የተንሳፈፈ ይወጣል። የሰመጠውም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሳህኑ አይሰበርም፤ አንድ በአንድ መጀመሪያ ሲኒ ላይ ይሰበራል፣ ይታያል፣ ይሸተታል፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ሳህን ይገለበጣል። «ጊዜ አይፈጅም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት። «ሃያ ዘጠኝ ደህና እንቁላል በአንድ ብልሽት ሲደፋ ታያለህ፤ ያኔ ጊዜ የፈጀው የቱ እንደሆነ ትነግረኛለህ» አሉኝ።

ቅቤ መጥበሻ ላይ ሲያደርጉ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። «ሲንጫጫ አትንካው፤ ውኃው እየወጣ ነው። ዝም ሲል እንቁላሉን ጨምር።» ፍርፍሩን ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ ከእሳት ያወርዱታል። እኔ አልበሰለም እላለሁ፤ እሳቸው ሳህኑን ይዤ እስከ በሩ እንድሄድ ያዙኛል። በሩ ጋ ስደርስ በስሏል። በራሱ ትኩሳት እንደሚጨርስ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዛሬ በየቤቱ የምንበላው ደረቅ ፍርፍር ሁሉ ያችን የሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ያጣ ነው።

የብረት መጥበሻቸውን በሳሙና አያጥቡም። ገና ትኩስ ሳለ አንድ እፍኝ ጨው ይበትኑበትና በጨርቅ ያሹታል፤ ከዚያ ጠብታ ዘይት ይቀቡታል። እንዲህ የተያዘ ብረት ዓመት በጨመረ ቁጥር ይለሰልሳል፣ እንቁላል አይዝም። ይህን ያስተማሩት ለእኔ ብቻ ነበር። አስካለ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ስታጥብ መጥበሻዎቹን ግን እኔ በጨው አሻለሁ። ኮርቼበት ነበር፤ ኩራቱም ነው ያጠፋኝ።

አንዱ መጥበሻ እጀታው ላይ ቀይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። እሱ የጾም ነው። እንቁላልም ቅቤም አይነካውም። እንደ ሌሎቹ በጨው አይታሽም፤ በፈላ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ለብቻው ይሰቀላል። የኩሽናው ሕግ ይኸው አንድ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ምክር ነው።

ዐቢይ ጾም ነበር። እትዬ ዘነበች ለቅሶ ሄደው ኩሽናውን ለእኔ ትተውልኛል። እንግዳ በዛ፤ የማይጾሙት ደግሞ እንቁላል እንቁላል ይላሉ። ሀሰን በመስኮቱ እየጮኸ ያዛል። ሁለቱ መጥበሻዎች ተይዘዋል። አንድ አውሮፕላን ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። ቀይ ሽቦ ያለውን አወረድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። ሁለት እንቁላል መታሁበት፣ ሰውዬው በልቶ ሄደ። ከዚያ እጄ በለመደው በጨው አሸሁት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ሰቀልኩት። ላጥበው ይገባ ነበር። አላጠብኩትም።

ፔንሲዮናችን ውስጥ ከጎጃም ለሕክምና የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ታመው እንኳ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጾም ፍርፍር ይወሰድላቸዋል። ያን ቀን በቀይ ሽቦው መጥበሻ ሠርቼ ላክሁላቸው። ከእጀታው ሥር፣ ብረቱ ከተበሳበት ጉድጓድ፣ የጥፍር ያህል የእንቁላል ቁራጭ ወጥቶ ኖሮ ሳህናቸው ላይ ተገኘ። ሀሰን ነው የነገረን። አልጮኹም። ሳህኑን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ፣ አለቀሱ። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ የያዙት ጾም ነበር፤ ለልጃቸው ጤና ስእለት ጨምረውበት።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ወደ ኩሽና ወረደ። ስሙን አልጠራም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው ነበር።

«ይህን መጥበሻ ያጠበው ማነው?»

ሁላችን አስካለን አየን። ዕቃ አጣቢዋ እሷ ናት።

«እኔ አላጠብኩትም» አለች። «ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት።»

እውነቷን ነበር። ግን እንዲህ ስትል ሥራዋን ያልሠራች መሰለች።

«አላጠብሽማ! ሂሳብሽን ውሰጂ።»

እኔ ሽንኩርትና ቢላ ይዤ ቆሜያለሁ። በሚቀጥለው ወር ምክትል አብሳይ ልደረግ ቃል ተገብቶልኛል። አፌ አልተከፈተም። አስካለ ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ስትወጣ አየችኝ። ታውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

በማግሥቱ እትዬ ዘነበች ተመለሱ። ነገሩን ሰሙ። መጥበሻውን አወረዱ፣ በጣታቸው ውስጡን ዳበሱት፣ ጣታቸውን ቀመሱ።

«በጨው ታሽቷል» አሉ።

ከኔ በቀር በጨው የሚያሽ የለም። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ወደ እግሬ ገፉ። ያን ቀን እንቁላል አላስነኩኝም። በሁለተኛውም ቀን ሽንኩርት። ሦስተኛው ቀን ላይ ዓይኔ አብጦ ነበር።

«እስከ መቼ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ወደ ባለቤቱ ወጥቼ ተናገርኩ። የግማሽ ወር ደመወዜን ቆረጠ፣ ምክትልነቱም ቀረ። አስካለን ይመልሳት ዘንድ ለመንኩት። «ሌላ ሴት ቀጥሬያለሁ፤ እሷን ደግሞ ምን ብዬ ላባርር?» አለኝ። ያቺ እናት ሕክምናቸውን ጨርሰው ሄደው ነበር። እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም። ይቅርታ ሳልጠይቅ የቀረሁት እሳቸውን ነው፤ አሁን ደግሞ የት ይገኛሉ?

ከባለቤቱ ቢሮ እንደወጣሁ ላንቻ ሄድኩ። የአስካለን ቤት አጠያይቄ አገኘሁት። እናቷ በሩ ላይ አቆሙኝ። አስካለ ወጣች፣ ሁሉንም ሰማችኝ፣ አላቋረጠችኝም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ተናገርክ፣ ጥሩ። እኔ ግን ከእጅህ የወጣ ነገር ከእንግዲህ አልቀምስም።»

በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ፔንሲዮኑ ውስጥ ቆየሁ። እትዬ ዘነበች በአምስተኛው ቀን የእንቁላል መስበሪያዋን ሲኒ መልሰው ሰጡኝ፤ ስለ ነገሩ ዳግመኛ አላነሱም። ቀጥሎ ባምቢስ አካባቢ ካለ ካፌ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ወጣት ነው፤ ከእኔ ይልቅ ካልኩሌተሩን ያምናል። አንድ ጠዋት ካፌው ጢም ብሎ ጋዙ አለቀ። ለስብሰባ የመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች እንቁላል አዝዘዋል። አለቃዬ «ይቅርታ ጠይቅልኝ» እያለ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ የቡና ማሽኑን አየሁት። ወተት የሚሞቅበትን ጆግ ወሰድኩ፤ ውስጡን ቅቤ ቀባሁ፣ ሦስት ሦስት እንቁላል መትቼ ጨመርኩ፣ የእንፋሎቱን ቧንቧ ከተትኩበት። እንቁላሉ እንደ ደመና ተነፍቶ ወጣ። አሥራ ሁለቱም በሉ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ እየመጣ «የማሽኑን እንቁላል» ይል ጀመር፤ ሜኑ ላይ ገባ። ማንም አላሳየኝም። ጋዝ ያለቀበት ሰው እጁ ላይ ባለው ነገር ማሰብ ይማራል።

መጨረሻ ላይ ትልቅ ሆቴል ገባሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት። ነጭ ቆብ አድርጌ እንግዳው ፊት ኦምሌት የምሠራው እኔ ነበርኩ። ከውጭ የመጣው ሼፍ መጀመሪያ ቀን የሲኒውን ነገር ሲያይ ሳቀ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሠልጣኞቹን ሁሉ በሲኒ ያሰብር ጀመር። ስለ ደመወዜ ብዙ አልልም፤ ልጅ አስተምሯል፣ ቤት አቁሟል። ስሰናበት ሼፉ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን የብረት መጥበሻ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ እሱን ነው የምወደው።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። አስካለን በስልክ ደወልኩላት። «ጡረታ ወጣሁ። የፔንሲዮኑን ሰዎች ቁርስ እጋብዛለሁ፤ እንቁላል ነው» አልኳት።

«እንቁላሉን እኔ አመጣለሁ። አንተ እንዳትገዛ» አለችና ዘጋች።

እበላለሁ አላለችም። አልበላም አላለችም።

ሠላሳ እንቁላል ከነካርቶኑ ታቅፋ መጣች። ሀሰን ሚኒባስ ውስጥ አግኝቷት «እኔ ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች፤ እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የመጣችው» አለ። ገዛኸኝ ገና ከበሩ ካርቶኑን ቆጠረ።

«ሠላሳ ነው?» አለው ሀሰን።

«ሠላሳ ነው።»

«እሰይ፤ ጋሽ ገዛኸኝ ካልፈረመ ምግብ አይገባም።»

እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ስጨምር አስካለ ኩሽናው በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«የኔ ሱቅ ውስጥ የተበላሸ እንቁላል የለም» አለች።

«የእትዬ ዘነበች ሕግ ነው።»

«እሱንስ ጠብቅ» አለች። ሄዳ ተቀመጠች።

ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንቁላል ለማቅረብ የሚሻ ሰው ይህን ይወቅ። ለእያንዳንዱ በየተራ አይጠበስም፤ የመጀመሪያው ጨርሶ እጁን ሲታጠብ የመጨረሻው ገና ይራባል። መቆየት የሚችለው ይቅደም፣ የማይቆየው ይከተል። አሥሩን ቀቀልኩ፤ ከፈላ በኋላ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ እዚያው ውኃ ውስጥ መላጥ። በሁለተኛው ምድጃ ስልስ ጣድኩ። ሽንኩርቱ ሳይጠቁር እስኪሟሽሽ፣ ቲማቲሙ በመፈቅፈቂያ ተፈቅፍቆ ዘይቱን እስኪተፋ ጊዜ ሰጠሁት። ቃሪያ ከተትኩበት። ከዚያ በማንኪያ ስምንት ጉድጓድ አበጅቼ ስምንት እንቁላል አንድ በአንድ ከሲኒው ገለበጥኩ። ከደንኩት፣ እሳቱን አሳነስኩ፣ አስኳሉ ገና ሲንቀጠቀጥ አወረድኩት። ይህ ከነድስቱ፣ ከነትኩሳቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም በዳቦ ያጠቅሳል። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ለፍርፍር ናቸው። ፍርፍር ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚጠበሰው። ሕይወት ቲማቲም ፈቀፈቀች፤ ጣቷን ባትልጥ የበለጠ እኮራባት ነበር።

ተቀመጥን። ሀሰን ስልሱን አጥቅሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሽ እሸቱ፣ ጡረታህን ተውና እኔ ቤት ና። ቁርስ ብቻ።»

«ደመወዝ?»

«ቁርስ ትበላለህ።»

ገዛኸኝ ሁለተኛ ቅቅል ላጠ። አልማዝ እንኳ «ዛሬ አላበላሸህም» አለች፤ ከእሷ ይህ ትልቅ ነው። አስካለ ሻዋን ይዛለች። ቅቅሉ በፊቷ አለፈ። ስልሱ በፊቷ አለፈ። ዳቦ ቆርሳ ደረቁን ነው የምትበላው።

«እትዬ አስካለ፣ እንቁላል አይወዱም እንዴ?» አለች ሕይወት። «ራስዎ አምጥተው!»

ገዛኸኝ ሳል መጣበት። ሀሰን ቶሎ ብሎ «ባለ ሱቅ እንቁላል ሲያይ ብር ነው የሚታየው» አለ። ማንም አልሳቀም።

«አባትሽን ጠይቂው» አለች አስካለ።

ሕይወት ዞራ አየችኝ። ሌላ ቀን እነግርሻለሁ ማለት እችል ነበር። አልማዝ በዓይኗ ተው አለችኝ። ግን አስካለ ፊት ሌላ ቀን ብል ሽንኩርት ይዤ በቆምኩበት ቀን የሠራሁትን እደግመው ነበር። ማንኪያዬን አስቀመጥኩና ነገርኳት። መጥበሻውን፣ ሻንጣ የያዘውን ሰው፣ ያቺን እናት፣ ባለቤቱን፣ አስካለ ሽርጧን ስታጣጥፍ የቆምኩበትን ቦታ፣ እናቷ ያቆሙኝን የላንቻውን በር። ምክትል አብሳይ ልሆን እንደነበርም ነገርኳት። ለማሳጠር አልሞከርኩም።

«ሦስት ቀን ዝም አልክ?» አለች ልጄ።

«ሦስት ቀን።»

«አባዬ፣ እኔ ብርጭቆ ሰብሬ አንድ ከሰዓት ብደብቅህ ሳምንት አላናገርከኝም እኮ።»

«እውነትሽን ነው።»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

«እውነትሽን ነው» አልኳት እንደገና። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ አባት ትንሽ አነስኩ፤ ማነሴም ትክክል ነበር።

አስካለ ሻዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ዘለልክ» አለችኝ።

«ምን?»

«እናቴ በር ላይ እንዳቆመችህ ተናገርክ። አቁማህ ውኃ ሰጥታሃለች። ከካዛንቺስ በእግርህ መጥተህ ላብ በላብ ነበርክ። በጣሳ ሰጥታህ ጠጣህ። እሷን ክፉ አታስመስላት።»

ረስቼው ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ ረስቼው ነበር። ሠላሳ ዓመት የቆምኩበትን በር አስታውሼ የጠጣሁትን ውኃ ረሳሁ።

«ይቅርታ» አልኩ። «ጠጥቻለሁ።»

«ፍርፍሩ የታል?»

«አሁን ነው የምጠብሰው።»

«መጥበሻህን አሳየኝ።»

ተነስታ ቀደመችኝ። የሆቴሉን መጥበሻ ከግድግዳው አወረደች፣ ወደ መስኮቱ ይዛ አገላበጠችው፣ በጣቷ ከእጀታው ሥር ያለውን ጉድጓድ ዳበሰች።

«በምን ነው የምታጥበው?»

«በጨው ነው የማሸው።»

ሳሙናውን አነሳች። የሽቦ መፈግፈጊያውን አነሳች። የአሥራ አንድ ዓመት ልስላሴ ነው፤ ሼፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሰጠኝ ነው። አፌን ስከፍት አልማዝ ከኋላዬ ክንዴን ያዘች።

«ዝም በል» አለችኝ በሹክሹክታ።

አስካለ ፈገፈገችው፤ ውስጡን፣ ጀርባውን፣ ጉድጓዱን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ሳይቀር። ጥቁሩ ውኃ እየወረደ ብረቱ ነጣ። በፈላ ውኃ አለቀለቀችው፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችው፣ ሰጠችኝ።

«አሁን ታጥቧል» አለች። «ጥበስ።»

ቅቤ አደረግኩ። ሲንጫጫ ጠበቅኩ፣ ዝም ሲል አሥራ ሁለቱን ጨመርኩ። እንደፈራሁት ያዘብኝ። የሆቴል እንግዳ ፊት አሥራ ስምንት ዓመት ያልያዘብኝ እንቁላል፣ ገዛኸኝና ሀሰን ኩሽናው በር ላይ ቆመው እያዩ መጥበሻው ሥር ተጣበቀ። በማንኪያ ስፍቀው ቡናማ ቁራጭ እየሆነ ወጣ።

«ያዘብህ?» አለች አስካለ።

«ያዘ።»

«ጋሽ እሸቱ እንቁላል ያዘበት!» ብሎ ሀሰን ጮኸ። «ሰው ጥሩ፣ ፎቶ አንሱ!» ሕይወት ስልኳን አወጣች። ይሉኝታ የላቸውም።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ሳደርግ አስካለ ገና እንደቆመች ነበር። ወደ መጥበሻው ተመልሳ ሥሩን በማንኪያ ፋቀች፤ የተጣበቀውን፣ የተበላሸውን። ዳቦዋ ላይ አደረገችው። ጎረሰች። ማኘኳን ሁላችን ቆመን አየን፤ ለሷ የማይመች ነገር ነበር፣ ግን ዓይናችንን ማንሳት አልቻልንም።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ያንሰው ነበር። ስቸኩል ግማሹ ምድጃው ላይ ነው የፈሰሰው። ጨው አቀበልኳት። ቁጭ ብላ በላች፤ ከፍርፍሩም፣ ከስልሱም፣ አንድ ቅቅልም። ሆቴሉ ውስጥ ሚኒስትርም ዘፋኝም አብልቻለሁ፤ የበላልኝን ሰው ጠግቤ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሠላሳውም እንቁላል አለቀ። ሠላሳውም ደህና ነበር፤ ሳልጠየቅ ነገርኳት።

ሊሄዱ ሲነሱ አስካለ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ስንት ደረሰን?»

«እንግዶቼ ናችሁ» አልኩ። «አንቺ ደግሞ እንቁላሉን አምጥተሻል። ከአንቺ አልቀበልም።»

«ካሳ ልትከፍለኝ ነው?» አለች። «በአንድ ቁርስ? ፔንሲዮኑ ኩሽና ውስጥ አብረን ስንበላ ማን ነው እንግዳ የነበረው? አዋጥተን ነበር የምንበላው። እኩል ካልሆንኩ አልመጣም፤ እኩል ከሆንኩ ደግሞ እመጣለሁ።»

ገዛኸኝ ሳይነገረው ብዕር አውጥቷል። እንቁላሉን በአስካለ ሱቅ ዋጋ ያዘ፤ ቅቤውን፣ ዳቦውን፣ አትክልቱን፣ ዘይቱን ከእኔ እየጠየቀ ደመረ። አልማዝ «የገዛ ቤቴን ቁርስ ልከፍል?» ብላ አጉረመረመች፤ ሕይወት የእናቷንም የራሷንም ከደመወዟ አወጣች። ስታወጣ እኔን አላየችኝም፤ ከዚያ ግን ሳህኖቹን ለማንሳት ከጎኔ ቆመች።

ድምሩ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ብር ሆነ። ለስድስት ሲካፈል፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት መቶ ሠላሳ ብር።